ስኳሩን ለብቻው ስጡን፦ በመሐል አዲስ አበባ ለሚገኙ ጁስ ቤቶች፣ ካፌዎችና የመሥሪያ ቤት ክበቦች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የጁስ ቤትና የካፌ ባለቤቶች፣ ለመሥሪያ ቤት ክበብ ኃላፊዎችና ለደንበኞቻችሁ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ማጣፈጫ ከመጠጥና ከምግብ ተለይቶ እንዲቀርብ ስለመጠየቅ

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ ባለው የከተማችን እምብርት ስኳር ለመተው የቆረጠ ሰው ቤቱ ውስጥ ብዙም አይቸገርም። የስኳር ዕቃውን ከጠረጴዛ ላይ ያነሣል፣ ለስላሳ መግዛት ያቆማል፣ አለቀ። የሚቸገረው ከቤት ሲወጣ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሻይ ስኳር ገብቶበት በፔርሙዝ ይመጣል። የጁስ ቤቱ አቮካዶ ከነሽሮፑ ተፈጭቶ ፍሪጅ ውስጥ አድሯል። «ያለ ስኳር አድርግልኝ» ሲል አስተናጋጁ በቅንነት «እሺ» ይለዋል፤ ጓዳ ውስጥ ግን ስኳር ያልነካው የተፈጨ ፍራፍሬ የለም።

እኛ በሥነ ምግብ ሙያና በምግብ ዝግጅት የምንሠራ ሰዎች ነን። ጣፋጭ አትሽጡ አንልም። የምንጠይቃችሁ ማጣፈጫውን ለብቻው እንድታቀርቡና የሚፈልግ ራሱ እንዲጨምር እንድታደርጉ ነው። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚበላሽና በምን እንደሚስተካከል የምናውቀውን እንጽፍላችኋለን።

በቅድሚያ አንድ ግራ መጋባት እናጥራ። ብዙ ሰው ስኳር ለመቀነስ የሚነሣው አሜሪካ ካለ ዘመድ ወይም ከስልኩ ላይ ስለ በቆሎ ሽሮፕ ሰምቶ ነው። ይህ ከበቆሎ የሚሠራ ማጣፈጫ ነው። የበቆሎ ስታርች በኢንዛይም ሲሰባበር ግሉኮስ የተባለ ስኳር ይሆናል፤ ሌላ ኢንዛይም ደግሞ የግሉኮሱን ከፊል ፍሩክቶስ ወደሚባል ሌላ ስኳር ይለውጠዋል። ከስኳሩ 42 በመቶው ፍሩክቶስ የሆነው ዓይነት በብዛት ለዳቦ፣ ለብስኩትና ለታሸጉ ምግቦች ይውላል፤ 55 በመቶ የሆነው ለለስላሳ መጠጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፋው በታሪፍና በኮታ ምክንያት ስኳር ውድ፣ በቆሎ ደግሞ ርካሽ ስለነበር ነው፤ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ትልልቆቹ የኮላ ኩባንያዎች እዚያ ለሚሸጡት መጠጥ ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞሩ። እኛ ዘንድ ሻይ ውስጥ የሚገባው ከወንጂ፣ ከመተሐራ፣ ከፊንጫ ወይም ከውጭ የሚመጣው ነጭ ስኳር ነው። እሱም አንጀት ውስጥ ሲፈርስ እኩል በእኩል ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሆናል። ሃምሳና ሃምሳ አምስት፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ፍሩክቶሱን በብዛት የሚቀበለው ጉበት ነው፤ በመጠጥ መልክ ቶሎ ቶሎና በብዛት ሲመጣበት ከፊሉን ወደ ስብ ይለውጠዋል። ፍሩክቶሱ ከበቆሎ መጣ ከአገዳ፣ ለጉበት ለውጥ የለውም።

ስለዚህ የበቆሎ ሽሮፕ ፈርቶ ሻዩ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ምንም አልቀነሰም። በማር ልተካው የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ማር ከ100 ግራሙ 80 ያህሉ ስኳር ሲሆን ከውስጡም ፍሩክቶሱ ይበዛል። ከውጭ የሚገባው የአጋቬ ሽሮፕ ከበቆሎው ሽሮፕ የበለጠ ፍሩክቶስ አለው፤ ለጤናዬ ብሎ እሱን በውድ ዋጋ መግዛት ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር፣ ማር፣ ሽሮፕና በጭማቂ ውስጥ ያለ ስኳር ተደምሮ ቀኑን ሙሉ ከምግብ ከሚገኘው ጉልበት (ካሎሪ) ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው የመጀመሪያው 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ይሆናል። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ስለሚይዝ 25 ግራም ማለት ስድስት ማንኪያ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የምንጨምረው ልሙጥ ሳይሆን የተቆለለ ማንኪያ ነው፣ እሱ ደግሞ 6 ወይም 7 ግራም ይይዛል። ባለ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ብቻውን 32 ግራም ገደማ አለው።

አሁን ወደ ጁስ ቤት እንግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና።

ስኳሩን በውሃ አፍልቶ በጆግ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ውሃ ሲሟሟ 1.6 ሊትር ገደማ ሽሮፕ ይወጣዋል። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ጭልፋ እንግዲህ 30 ግራም ስኳር ትሸከማለች ማለት ነው። አንዷ ጭልፋ አንዱ ብርጭቆ ላይ ስታርፍ የቀኑ 25 ግራም አለፈ። ከላይ ቪምቶ ሲፈስበት ሌላ ስኳር ይደረብበታል።

ፍራፍሬው ራሱ ምን ያህል ስኳር አለው? ከ100 ግራም የሚበላ ክፍሉ ማንጎ 14 ግራም፣ ሙዝ 12፣ አናናስ 10፣ ዘይቱን 9፣ ፓፓያ 8 ግራም ገደማ አላቸው። አቮካዶ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አቮካዶ ጁስ ውስጥ የሚጣፍጠው ሁሉ እናንተ የጨመራችሁት ነው። ሌሎቹ ግን በደንብ ከበሰሉ ተጨማሪ አያስፈልጋቸውም። ታዲያ ለምን ይጨመራል? በግልጽ እንነጋገርና፣ ብዙውን ጊዜ ሽሮፑ የሚሸፍነው ያልበሰለ ፍሬ ነው። ጥሬ ማንጎ ኮምጣጣ፣ ጥሬ ፓፓያ ባዶ ጣዕም ያለው፣ ጥሬ አቮካዶ መራራ ነው፤ ስኳር ሁሉንም አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል። ሽሮፑን ስታወጡ ይህ ጉድለት ፊት ለፊት ይወጣል። ለዚህ ነው ያለ ስኳር ሞክረው «ደንበኛ አልወደደውም» ብለው የተዉ ቤቶች ያሉት። መስተካከል የነበረበት ፍሬው የሚገዛበትና የሚቀመጥበት መንገድ ነው።

ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ሙዝና ዘይቱን ከተቆረጡ በኋላም ይበስላሉ። አናናስ ግን ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነቱ አይጨምርም፤ ሲቆረጥ የነበረው ጣፋጭነት ያው ነው፣ ስለዚህ ከሥሩ በኩል አሽትታችሁ ጥሩ ሽታ ከሌለው አትግዙት። ጥሬ ማንጎ ከ12 ዲግሪ በታች ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ብርዱ ይጎዳዋል፤ ቆዳው ይጠቁራል፣ ሥጋው ሳይጣፍጥ ይቀራል፣ በኋላ ብታወጡትም አይመለስም። ስለዚህ ሳጥኑ እንደመጣ ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ መክተት አይገባም። ጥሬውን ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ በክፍሉ ሙቀት፣ ከበሰለ ሙዝ ጋር በካርቶን አስቀምጡት፤ ሙዙ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ መብሰሉን ያፈጥነዋል። ጫፉን በአውራ ጣት ስትነኩት ለስለስ ሲል ያን ጊዜ ወደ ፍሪጅ ይግባ። በየጠዋቱ አንድ ሰው ሳጥኑን ገልብጦ የበሰለውን ከጥሬው ይለይ፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ የሽሮፕ ጆጉን የሚተካው ይህ ነው።

ቅዝቃዜም ነገር አለው። ምላስ በጣም የቀዘቀዘ ነገር ጣፋጭነቱን አሳንሶ ይቀምሳል፤ በበረዶ የተፈጨ ጁስ ብዙ ስኳር የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በረዶውን ትታችሁ ፍሬውን ብቻ ቀዝቅዞ ከፍሪጅ ብታወጡት ያው ማንጎ ይበልጥ ይጣፍጣል።

ለአቮካዶ ደግሞ የሚሠራ ልክ እንስጣችሁ። ለአንድ ብርጭቆ 120 ግራም የበሰለ አቮካዶ፣ ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የጀመረ ግማሽ ሙዝ፣ 150 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ወተት፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ በሁለት ጣት የምትያዝ ቁንጥር ጨው። ጨዉ መራራነቱን ይሰብራል፣ ሎሚው ጣዕሙን ይከፍተዋል። ወተት ከተጠቀማችሁ ሎሚውን ከብሌንደሩ ካወጣችሁ በኋላ ከላይ ጨምቁበት፤ አብሮ ከተፈጨና ከቆየ ወተቱን ያቆራርጠዋል። ሙዙ ነጠብጣብ ከሌለው ስታርቹ ገና ወደ ስኳር አልተለወጠም፣ አያጣፍጥላችሁም። ሎሚ ከሌለ አቮካዶው ቶሎ ይጠቁራል፤ ስኳር ያለበትም ቢሆን መጥቆሩ አይቀርም፣ ስለዚህ በብዛት ፈጭቶ ማሳደር ለማንም አይበጅም።

ስፕሪስ ላይ አንድ ችግር ይመጣል። ሽሮፕ ያለበት ጁስ ከባድ ስለሆነ ንብርብሩ አይደባለቅም ነበር፤ ሽሮፑ ሲወጣ ፓፓያው ቀጥኖ ወደ ታች ይፈሳል። ሁሉንም ፍሬ በጥቂት ውሃ እኩል አወፍሩት፣ ማንጎውን ከሥር፣ ፓፓያውን መሐል፣ ስብ ያለውን አቮካዶ ከላይ አድርጉና በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱት።

ስኳር የሚፈልገው ደንበኛስ? ደረቅ ስኳር ቀዝቃዛ ጁስ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፣ ብርጭቆው ሥር አሸዋ ሆኖ ይቀራል፣ ሰውየውም በትክክል ይቆጣል። ስለዚህ ያንኑ ሽሮፕ በትንሽ የአረቄ መለኪያ 20 ሚሊ ሊትር አድርጋችሁ ከጎኑ አቅርቡለት። በውስጡ 12 ግራም አለ፤ ሁሉንም ቢገለብጠው እንኳ ከድሮው ጭልፋ ከግማሽ በታች ነው፣ ብዙው ሰውም ቀምሶ ከፊሉን ይተወዋል። የሽሮፕ ፍጆታችሁ ሲቀንስ በኪሎ ማፍላት አቁሙ፤ እኩል በእኩል የተሠራ ሽሮፕ ውጭ ሲቆይ ይቦካል ወይም ይሻግታል። ግማሽ ሊትር አፍልታችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ብሌንደሩንም በመሐል አለቅልቁት፤ ያለ ስኳር ላዘዘ ሰው የቀደመው ጁስ ቅሪት አይድረሰው።

የመሥሪያ ቤት ክበቦች ጉዳይ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚነካው እሱ ነው። በአንድ ሊትር ሻይ 100 ግራም ስኳር ከገባ፣ 150 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ብርጭቆ 15 ግራም ይደርሳል። ረፋድና ከሰዓት ሁለት ሁለት ብርጭቆ የጠጣ ሠራተኛ ሳያስበው 60 ግራም ወስዷል። ስኳሩን ከፔርሙዙ አውጡና በዕቃው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፣ ትንሽ ማንኪያ አድርጋችሁ። ሻዩ ያለ ስኳር ሲቀርብ መራራነቱ የሚጎላው ቅጠሉ አብሮ ለረጅም ጊዜ ስለሚፈላ ነው። ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱንና ሄሉን አሥር ደቂቃ አፍሉ፣ እሳቱን አጥፉ፣ ከዚያ ቅጠሉን ጨምሩና ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ቆይታችሁ አጥልሉት። ቅጠሉ ፔርሙዙ ውስጥ ከገባ እስከ ማታ ይመራል። ቀረፋ ራሱ ለአፍ የጣፋጭነት ስሜት ይሰጣል፣ ይህን ያህል ግን ስኳር የለውም።

ማኪያቶ ላይ የምንለው ጥቂት ነው፤ ስኳሩ ድሮም ለብቻው ነው የሚመጣው። ወተቱ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሲሞቅ የራሱ ጣፋጭነት ይወጣል፤ ከ70 ካለፈ የተቃጠለ ጣዕም ያመጣና ደንበኛው ስኳር ይፈልጋል። ዳቦ ጋጋሪዎችም እርሾ እንዲነሣ ስኳር የግድ አይደለም፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ከስታርቹ በቂ ስኳር ያወጣለታል። ስኳሩን ስታወጡ ቅርፊቱ ነጣ ይላል፣ ያኔ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩለት።

አሁን ደግሞ ለሸማቹ። ሱቅና ሱፐርማርኬት ውስጥ የበቆሎ ሽሮፕ የሚገኘው ከውጭ በሚገቡ ብስኩቶች፣ ካቻፖች፣ ማርማላታዎችና የታሸጉ ጁሶች ነው። ስሙ እንደ አገሩ ይለዋወጣል። ከአውሮፓ የመጣ ላይ «ግሉኮስ ፍሩክቶስ ሲረፕ» ይላል፤ ፍሩክቶሱ ከግማሽ በላይ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥና «ፍሩክቶስ ግሉኮስ ሲረፕ» ይሆናል። ከቱርክ የመጣ ላይ «ግሊኮዝ ሹሩቡ» ወይም «ምስር ሹሩቡ» ይባላል፣ ተራው ስኳር ደግሞ «ሼከር» ነው። በዐረብኛ ስኳር «ሱከር» ነው። ዴክስትሮስ፣ ኢንቨርት ሹገር፣ ማልቶስና የተጨመቀ የፍራፍሬ ኮንሰንትሬት የሚሉትም ያው ቤተሰብ ናቸው።

የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙው ወደ ትንሹ በክብደት ነው። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለ፤ አምራቹ ስኳሩን በሦስት ስም ከፍሎ ሲያስገባ እያንዳንዱ ወደ ታች ይወርድና ዱቄቱ አንደኛ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ዝርዝሩን ብቻ ሳይሆን ሠንጠረዡንም እዩ፤ ከ100 ግራም ውስጥ ስንት ግራም ስኳር እንዳለ ይላል። ለደረቅ ምግብ 5 ግራምና ከዚያ በታች ዝቅተኛ ነው፣ ከ22.5 ግራም በላይ ከፍተኛ ነው። ለመጠጥ ዝቅተኛው 2.5 ግራም ነው። ለአራት አካፍሉት፣ የማንኪያው ቁጥር ይወጣላችኋል። «ስኳር ያልተጨመረበት» የሚል ጁስ ሠንጠረዡ ላይ 11 ግራም ቢል አትደነቁ፤ የፍሬው ስኳር ቃጫው ወጥቶ ብቻውን ቀርቷል። የሱፐርማርኬት ባለቤቶችን አጥብቀን የምንለምነው ነገር ቢኖር፣ የዋጋም ሆነ የአስመጪ ተለጣፊ ወረቀት ይህን ሠንጠረዥ እንዳይሸፍን ነው።

ካቻፕ ሩቡ ያህል ስኳር ነው፣ መተካት ግን ቀላል ነው። አንድ ራስ ሽንኩርት በደንብ እስኪወረዛና ቡናማ እስኪሆን በጥቂት ዘይት አቁላሉ፤ ጣፋጭነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። 100 ግራም የቲማቲም ድልህ፣ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨምራችሁ አሥር ደቂቃ በዝግታ አብስሉና ፍጩት። ስኳሩ ውሃውን አስሮ ከመበላሸት ይጠብቀው ስለነበር ይህኛው እንደ ሱቁ አይቆይም፤ ፍሪጅ ውስጥ ከሳምንት አታሳልፉት።

ስኳርን እንዴት መተው እንደሚሻል በተመለከተ፣ በአንድ ጊዜ ከመቁረጥ ከሻዩ ላይ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ይሻላል። ምላስ ይለምዳል፣ ግን በቀናት ሳይሆን በሳምንታትና በወራት ነው። ጾም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ጾሙን በለስላሳና በጾም ኬክ ከፈታ የቆጠበው ሁሉ በአንድ ገበታ ይሄዳል። በጨው የተበጠበጠ በሶ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ወይም ለውዝና ቆሎ ቀድሞ ይቅረብ። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ተምሩ በቂ ጣፋጭ ነው፣ ጁሱ ያለ ሽሮፕ ይሁን። ኮላ ባቆመ ሰው ላይ የሚነሣው ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ የካፌይን ነው፤ አንድ ጠርሙስ 30 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፣ ቡና የሚጠጣ ሰው ላይሰማው ይችላል። ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎችን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ለክብደት መቆጣጠሪያ ብላችሁ አትጠቀሙባቸው ብሏል፤ ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም።

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ሕመም ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ግን ስኳርና ምግብ በድንገት ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያናግሩ፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግቡ ብቻ ከቀነሰ የደም ስኳር አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። አስተናጋጆቻችሁም ይህን ይወቁ። ደንበኛ ላብ ላብ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠና ግራ ከተጋባ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ 150 ሚሊ ሊትር ስኳር ያለው ለስላሳ ወይም አራት ማንኪያ ስኳር በውሃ ይሰጠው፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ይደገም። ስኳር አልባው ለስላሳ ለዚህ አይሆንም። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይደረግ፣ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ስኳሩ ቤታችሁ ውስጥ መኖሩ የሚጠቅመው እንዲህ ላለ ጊዜም ነው።

ሁሉን በአንድ ቀን ለውጡ አንልም። ከነገ ጀምሮ ሁለት ነገር ይበቃናል፦ የተፈጨ ፍሬ ላይ በጅምላ ሽሮፕ አይጨመር፣ የፔርሙዙ ሻይ ያለ ስኳር ይቀዳ። ሜኑው ላይም «ማጣፈጫ ለብቻ ይቀርባል» የምትል አንዲት መስመር ትጻፍ፣ አስተናጋጁ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ማስረዳት እንዳይኖርበት።

ከአክብሮት ጋር